ብርቱካን ለውሻ ይሰጣል? ሎሚስ?

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ ልመልስ። የተላጠና ፍሬው (ዘሩ ማለቴ ነው) የወጣለት ብርቱካን ወይም መንደሪን፣ በትንሹ ከሆነ፣ ለጤነኛ ውሻ ችግር የለውም። ሎሚ አይሰጥም። ግሬፕፍሩት አይሰጥም። ትርንጎም እንደዚያው። ልጣጭ ደግሞ የየትኛውም ቢሆን አይሰጥም። ውሻችሁ አሁን ልጣጭ በልቶባችሁ እየተጨነቃችሁ ከሆነ ይህን ሁሉ ወሬ ዝለሉና «በልቶ ከተገኘ» ወደሚለው ውረዱ። ሌሎቻችሁ ቁጭ በሉ፣ ነገሩ ትንሽ ይረዝማል።

ጉዳዩን እንዳጠና ያደረገኝ መቻል ነው። መቻል ውሻችን ነው። (አዎ፣ ስሙ መቻል ነው። ያወጡለት አያቴ ናቸው፤ ለየትኛዋ ጎረቤት መልእክት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩንም።) አንድ የጾም እሑድ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሁለት ኪሎ ብርቱካን ጨረስን። ልጣጩን በፌስታል አድርገን ወጥ ቤት በር ላይ አንጠለጠልነውና ረሳነው። ጠዋት ስንነሣ ፌስታሉ ተቀዳዶ ግቢው ውስጥ ተበትኗል፣ መቻል ሰርቪስ ቤቱ ጥግ ጥቅልል ብሎ ተኝቷል፣ ሦስት ቦታ አስመልሷል፣ ትውከቱ ደግሞ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ቀኑን ሙሉ አልበላም። ማታ ተነሥቶ ውሃ ጠጣ፤ በማግስቱ ጅራቱን እየቆላ መጣ። ያን ቀን እኔ ያልሠራሁት ስሕተት የለም። ወተት ልግተው ብዬ ሁሉ ተነሥቼ ነበር።

ውስጡ ሌላ፣ ልጣጩ ሌላ

ብርቱካን አንድ ፍሬ ቢመስልም ለውሻ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የምንበላው ውስጡ ውሃ፣ ስኳር፣ ትንሽ ቃጫ፣ አሲድና ቪታሚን ሲ ነው። መቶ ግራሙ 47 ካሎሪ ገደማ አለው፣ 9 ግራም ያህሉ ደግሞ ስኳር ነው። መርዝ የሚባል ነገር የለበትም። ቢበዛ አሲዱና ስኳሩ ሆድ ይረብሻል።

ልጣጩ ላይ ግን ዘይት አለ። ልጆች ሆነን የብርቱካን ልጣጭ አጥፈን ጓደኛችን ዓይን ላይ የምንረጨው፣ እሱም እያለቀሰ የሚያባርረን፣ ያ ነው ዘይቱ። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት ውስጥ 90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሊሞኒን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ሊናሎል የሚባል ሌላም አለ። ሰው ሲሸተው ደስ ይለዋል፣ ሻይ ውስጥም ይከተዋል። ውሻ በብዛት ሲውጠው ግን ጨጓራው ይቆጣል፤ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ድብት ይለዋል፣ ሲብስም ያንቀጠቅጠዋል።

ሦስተኛ ሶራሌን የሚባል አለ። የሱ ጠባይ ለየት ይላል፤ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ሎሚ ሲጨምቅ ውሎ እጁን ሳይታጠብ ፀሐይ ላይ የቆየ ሰው አንዳንድ ጊዜ ቆዳው የሚጠቁረውና ውሃ የሚቋጥረው በዚህ ምክንያት ነው። ልጣጩ ብቻ ሳይሆን ቅጠሉና ግንዱም ውስጥ አለ። የአሜሪካው የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ኤኤስፒሲኤ ሎሚንም፣ ግሬፕፍሩትንም፣ ብርቱካንንም ለውሻ መርዛማ በሚላቸው ተክሎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው በነዚህ ዘይቶችና በሶራሌን ሳቢያ ነው። ብዙ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይደነግጣል። እዚያው ግን ውስጡ ሊበላ እንደሚችል፣ ልጣጩና ተክሉ ግን ችግር እንደሚያመጣ ተጽፏል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። ጓሯችን ያለው ጤና አዳም የብርቱካንና የሎሚ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ዕፅዋት የሚያጠኑ ሰዎች በአንድ ቤተሰብ ነው የሚመድቧቸው። እሱም ሶራሌን አለው። ሲቆርጡት ውለው ክንዳቸው የሚያቃጥላቸው ሰዎች ለዚህ ነው። ውሻ ሽታውን ስለሚጠላው ብዙም አይነካውም፣ ቡችላ ግን ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ቡና አተላ ውስጥ የተደፋ ጤና አዳም ከሆነ ደግሞ ካፌይኑም አብሮ አለ፣ እሱ ለብቻው ለውሻ አደገኛ ነው።

ከሁሉም የትኛው ይሻላል?

መንደሪን። ልጣጩ በቀላሉ ይወጣል፣ ክፋዩ ትንንሽ ነው፣ አሲዱም ለስለስ ይላል። ችግሩ ፍሬው መብዛቱ ነው፣ አንድ በአንድ ማውጣት አለባችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ ፍሬ የሌለውን ዓይነት ስለምታገኙ ተገላገላችሁ።

ብርቱካን ቀጥሎ ይመጣል። የበሰለና ጣፋጭ ይሁን፤ እናንተን ዓይን የሚያስጨፍን ጎምዛዛ ብርቱካን ለውሻም አይሆንም።

ሎሚ አይሆንም። የኛ አገሩ ትንሹ ሎሚ ፈረንጆቹ ላይም የሚሉት ዓይነት ነው፤ አሲዱ ከብርቱካን እጅግ የበረታ፣ ልጣጩም በዘይት የተሞላ። ጥሩነቱ አብዛኛው ውሻ ራሱ አይነካውም። አንዴ ልሶ ፊቱን አጨማዶ፣ አስነጥሶ፣ ሎሚው ላይ ጮኾበት ይሄዳል። (ይህን ቪዲዮ ለመቅረጽ ብላችሁ ሎሚ የምትሰጡ ሰዎች አላችሁ። አያስቅም። እሺ፣ ትንሽ ያስቃል፣ ግን ተዉት።) ቡችላ ሎሚን እንደ ኳስ እያንከባለለ ሊነክሰው ይችላል። ጥምቀት ላይ ከሎሚ ውርወራው ተርፎ ግቢ ውስጥ የሚንከባለል ሎሚ ካለ ልቀሙት።

ትርንጎ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ማንም አያነሣውምና። ትርንጎን ስትቆርጡት አብዛኛው ወፍራም ነጭ ልጣጭ ነው፣ መሐሉ ላይ ያለው ጭማቂ ኢምንት ነው። እኛ የምንበላው ያንን ነጩን ነው። ለውሻ ግን ትርንጎ ማለት ከነነፍሱ ልጣጭ ማለት ነው፤ ሆድ ውስጥ ቶሎ አይፈጭም። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ የዳስ በዓል ሲያልፍ ትርንጎው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ለበዓሉ የሚሸጠው መልኩ እንከን እንዳይኖረው ተብሎ ብዙ ፀረ ተባይ የሚረጭበት ነው፤ ለመብል ታስቦ አልተመረተም። ውሻው የማይደርስበት ቦታ አድርጉት። እዚያው መንገድ ዳር ለጌጥ የተተከለው መራራ ብርቱካን በክረምት ሲረግፍም ውሻችሁን ስታናፍሱ ገመዱን ሰብሰብ አድርጉ።

ግሬፕፍሩት መራራም ጎምዛዛም ነው። ሌላም ጣጣ አለው። ሰውነት መድኃኒት የሚሰባብርበትን ሥራ ያደናቅፋል። ለዚህ ነው አንዳንድ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግሬፕፍሩት አትንካ የሚባለው። መድኃኒት ላይ ያለ ውሻ ካላችሁ ጭራሽ አታስቡት።

ቪታሚን ሲ ያስፈልገዋል የሚለው ወሬ

«ጉንፋን ይዞታል፣ ብርቱካን ስጡት» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ውሻ ቪታሚን ሲን ጉበቱ ውስጥ ራሱ ይሠራል። እኛ ነን መሥራት የማንችለው። ስለዚህ ብርቱካን ለውሻ መድኃኒት አይደለም፣ ከረሜላ ነው። ከረሜላ መሆኑን ካመናችሁ መጠኑ ላይ አንጣላም።

ከዚህ የባሰው የሰው ቪታሚን ሲ ኪኒን መስጠት ነው፤ በተለይ ያ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላው ባለ ብርቱካን ጣዕም። አንደኛ መጠኑ ለሰው የተሠራ ስለሆነ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛ ብዙዎቹ ስኳር አልባ ናቸው፣ በስኳሩ ፋንታ የገባው ማጣፈጫ ደግሞ ዛይሊቶል ሊሆን ይችላል። ዛይሊቶል ሰውን እንዲህ አይመርዝም። ውሻ ሲበላው ግን ሰውነቱ ኢንሱሊን በአንዴ ይለቅና የደሙ ስኳር ዘጭ ይላል፤ ይንገዳገዳል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ከበዛም ጉበቱን ይመታል። ማስቲካ ውስጥም አለ። ብርቱካንና ዛይሊቶል በአንድ ሚዛን አይቀመጡም፤ ዛይሊቶል ከሆነ ምልክት እስኪታይ ሳትጠብቁ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።

እንዴት ይሰጠዋል?

መጀመሪያ እጠቡት። ገና ትላጡት የለ ወይ ትሉኝ ይሆናል። ከውጭ የሚመጣው የሚያብረቀርቅ ብርቱካን ሰም የተቀባ ነው፣ እንዳይሻግት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢማዛሊል የሚባል ፀረ ሻጋታ ይደረግበታል፤ ስትልጡ እጃችሁ ላይ ያለው ወደ ውስጡ ይተላለፋል። የአገር ቤቱም ቢሆን መንገድ ላይ ተከምሮ የዋለ ነው።

ልጡት። ነጩን ሽፋን የምትችሉትን ያህል ግፈፉለት፤ መርዝ ሆኖ ሳይሆን ሆዱ ስለማይፈጨው። ፍሬውን አውጡ። ከዚያ ክፋዩን ለሁለት ወይም ለሦስት ቁረጡት፣ ብዙ ውሻ አያኝክም፣ ይውጣል፤ ትንሽ ውሻ ደግሞ ሙሉ ክፋይ ሊያንቀው ይችላል።

የመጀመሪያ ቀን ቁራሽ ብቻ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። ከዚያ እስከ ነገ ተዉት። ሆዱ ካልተረበሸ በሌላ ቀን መጨመር ይቻላል። እስከ አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ አንድ ክፋይ ይበቃዋል። መካከለኛው አንድ ወይም ሁለት። ትልቁ የግቢ ጠባቂ ሦስት። ይህም በየቀኑ ሳይሆን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ከዋናው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ነገር ሁሉ ተደምሮ ከቀኑ ካሎሪ አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ ነው የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት። አሥር ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 600 ካሎሪ ገደማ ይበቃዋል እንበል፤ አንድ አሥረኛው 60 ነው። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 60 ካሎሪ አለው። አንድ ሙሉ ብርቱካን ከበላ የቀኑን ኮታ ጨረሰ ማለት ነው፣ አጥንቱም ዳቦውም ሳይቆጠር።

ሰው የሚሳሳተው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ተቀምጦ ብርቱካን ሲበላ ውሻው ዓይኑን ሰክቶ ይቀመጣል፣ አንጀት ይበላል፣ እያንዳንዱ ሰው ሌላው ሳያየው አንዳንድ ክፋይ ይወረውርለታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እዚህ ተገለበጠ፤ ለስምንታችን ጌጥ፣ ለውሻው ሸክም። አንድ ሰው ብቻ ይስጠው። እኛ ቤት ሰጪዋ አያቴ ናቸው፣ ሌላው እጁን ይሰበስባል።

ጭራሽ የማይሰጣቸውም አሉ። የስኳር በሽታ ያለበት ውሻ፣ ውፍረት የያዘው፣ ጨጓራው የሚነካካው፣ ጣፊያ አካባቢ ያለው እጢ፣ ፓንክሪያስ የሚባለው፣ ታሞ የሚያውቅ፣ የሽንት ጠጠር የያዘው፣ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስድ። ገና እናቱን የሚጠባ ወይም በቅርቡ ጡት የጣለ ቡችላም ይቅርበት፤ ትንሽ ተቅማጥ እንኳ ውሃ አሟጦ ይጥለዋል።

ጭማቂ አትስጡት። አንድ ብርጭቆ ሦስት ብርቱካን ነው፣ ቃጫው ቀርቶ ስኳሩ ብቻ የተረፈበት። ጁስ ቤት የሚሠራው ላይ ስኳርና ሎሚ ይጨመርበታል፣ አቮካዶም ይኖረዋል። ማርማላታ ከነልጣጩ የተቀቀለ ስኳር ነው። የብርቱካን ኬክ ውስጥ ዘቢብ ካለ ደግሞ ብርቱካኑን እርሱት፣ ዘቢብና ወይን ለውሻ ኩላሊት ጠንቅ ነው፣ በትንሹም ቢሆን።

ሎሚ እንደ መድኃኒት

ይህ የኛ የራሳችን ጉዳይ ነው። ለቁንጫ ሎሚ፣ ለእከክ ሎሚ፣ ለቁስል ሎሚ። እኔም አድርጌዋለሁ። ሎሚ ቁንጫን በጠረኑ ሊያርቅ ይችል ይሆናል እንጂ ቤት የሰፈረውን ዕንቁላሉንና እጩን አያጠፋም። ቆዳው በእከክ የላጠ ውሻ ላይ ሎሚ ማሸት ደግሞ እሳት መለኮስ ነው፤ ያቃጥለዋል፣ እንስሳው መናገር ስለማይችል ይነክሳል፣ እኛ «ከፋ» እንለዋለን። በዚያ ላይ ሎሚ የተቀባ ውሻ ገላውን ሲልስ ውስጡ ያስገባዋል፣ ፀሐይ ላይ ሲተኛ ደግሞ ያ ሶራሌን ሥራውን ይሠራል። እከክ የሚያመጣው ዓይን የማያየው ተባይ ነው፤ የሚያድነው ሐኪም የሚያዝለት መርፌ ወይም ኪኒን ነው።

በጠርሙስ የሚሸጠው የብርቱካን ወይም የሎሚ ዘይት ከሁሉም ይከፋል። ጥቂት ጠብታ ብዙ ልጣጭ ማለት ነው። ድመትም ካላችሁ ቤት ባታስገቡት ይሻላል፣ ድመት ከውሻ ይልቅ ይጎዳበታል።

በልቶ ከተገኘ

ተረጋጉ። የቀረውን ንጠቁት፣ በጩኸት ሳይሆን በሌላ ምግብ አታልላችሁ፤ ከጮኻችሁበት ቶሎ ቶሎ ይውጠዋል። አፉን በውሃ አጥቡለት። ቆዳው ላይ ጭማቂ ወይም ዘይት ካለ በለስላሳ ሳሙና አጥባችሁ ለጊዜው ጥላ ውስጥ አቆዩት። ንጹሕ ውሃ በትንሽ በትንሹ አስቀምጡለት።

ለማስመለስ አትታገሉ። ጨው በውሃ በጥብጦ መጋት የሚባል ነገር አለ፣ ውሻ ገድሏል፤ ደሙ ውስጥ ጨው ሲበዛ አንጎሉን ይጎዳል። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለውም ልማድ ነው፣ ቡችላነታቸውን ላለፉ ብዙ ውሾች ወተት ስለማይስማማቸው ተቅማጡን ታብሱበታላችሁ። ዘይት መጋትም እንዲሁ፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

ከዚያ ምን ያህል እንደበላ ገምቱ። ክፋይ ሁለት ክፋይ ከሆነ፣ አንድ ሁለት ዘርም ውጦ ከሆነ፣ ከመጠበቅ በቀር ምንም የሚደረግ የለም። አንዴ ቢያስመልስ ወይም ቢያስቀምጠው ለጥቂት ሰዓት ምግብ ከልክሉትና ቀጥሎ ነጭ ሩዝ ከተቀቀለ ዶሮ ሥጋ ጋር በትንሹ ስጡት፤ ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት የለ። ጾም ቢሆንም ለሱ ጾም የለውም። የተረፈ ሽሮ ላቅርብለት እንዳትሉ። ሽሮውና ወጡ ውስጥ ያለው ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል። በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ውስጥ በየግቢው የታሰሩት ውሾች በየቀኑ የሚበሉት ይህንኑ ነው። ለብርቱካን የተጨነቅነውን ያህል ለወጡ ብንጨነቅ ጥሩ ነበር።

ልጣጭ በብዛት ከበላ እስከ ሦስት ቀን ዓይናችሁን አትንቀሉ። ልጣጭ አንጀት ሊዘጋ ይችላል፣ በተለይ የትንሽ ውሻ። ደጋግሞ ማስመለስ፣ ውሃ እንኳ አልረጋ ማለት፣ ሆዱ መነፋትና ሲነካ ማጓራት፣ ሰገራ መጥፋት፣ ትውከት ወይም ሰገራ ውስጥ ደም፣ መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ከአንድ ቀን በላይ አለመብላት፤ ከነዚህ አንዱን ካያችሁ ሐኪም ጋ ውሰዱት። ስትሄዱ ክብደቱን፣ የበላውን ዓይነትና መጠን፣ የበላበትን ሰዓት ይዛችሁ ሂዱ። ትውከቱን በስልክ ፎቶ አንሡት፤ ያስጠላል፣ ግን ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የምታውቁት የእንስሳት ሐኪም ከሌለ ዛሬውኑ ስልክ ፈልጋችሁ መዝግቡ። በጭንቀት ሰዓት መፈለግ ከባድ ነው፣ እኔ ያን ቀን አይቼዋለሁ። አሜሪካ ያላችሁ የኤኤስፒሲኤ የእንስሳት መርዝ ማዕከል 888-426-4435 ላይ ቀንም ሌሊትም ያነሣል፣ ለምክሩ ግን ሊያስከፍሉ ይችላሉ።

እኛ ቤት አሁን ልጣጭ የሚቀመጠው ክዳን ባለው ባልዲ ነው፣ ባልዲው ላይ ድንጋይ አለ። ለሻይ የምናደርቀው ደግሞ በሰፌድ ሆኖ ጣራ ላይ ይወጣል። መጀመሪያ አጥሩ ላይ ነበር የምናሰጣው፣ ነፋስ አራግፎት መቻል እግር ሥር ወደቀ። አሸተተው፣ አንዴ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ እግሩን አንሥቶ ሸናበት።